በሚካኤል ቀን የታመመ ሎንቺና

እኔ ሰው ፊት ቆሜ መናገር የማልችል ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ነገሩ ሁሉ ከዚህ ስለሚመነጭ ነው። ደግሞ ወረቀት ላይ መናገር ይቀለኛል፤ ወረቀት አያፈጥም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ መምህሩ ስም ሲጠሩ «አቤት» ለማለት ከተራዬ አምስት ስም ቀደም ብዬ መዘጋጀት እጀምር ነበር። ተራዬ ሲደርስ ግን ድምፄ የለም። በዚህ የተነሣ ከፊተኛው ወንበር ሳልነሣ አንድ ወር ሙሉ ቀሪ ተብያለሁ።

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው ለሚያዝዘው የአገልግሎት ዓመት ወረታ ተልካ አስተማሪ የሆነችው ይህች ልጅ ናት። ልጆቹን አልፈራኋቸውም። ከወገቤ በላይ የማይደርስ ሰው አያስፈራኝም። ችግሬ ከዚያ በላይ ካለው ሕዝብ ጋር ነው።

ዲሬክተራችን ደግ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ቢሮ አስጠሩኝና፣ «የስድስተኛ ክፍል ልጆች አገራቸውን አያውቁም» አሉኝ። «ከሐሙሲት ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ ያለውን የቡና ሸለቆ ይዩ። ከዚያ ተመልሰው ደብረ ታቦር ይውጡ፣ የተራራ ከተማ ምን እንደሚመስል ይዩ። በአንድ ቀን ይደርሳል። አስጎብኚዋ አንች ነሽ።»

«እኔ ራሴ አንዱንም አይቼው አላውቅም» አልኩ። ይህን ያልኩት በልቤ ነው። በአፌ ያልኩት «እሺ» ነው።

«የመረጥኩሽ ጠንቃቃ ስለሆንሽ ነው» አሉ።

ጠንቃቃነቴስ እውነት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተዘጋጀሁ። ቡናን ከስኒ ውስጥ በቀር የትም ተገናኝቼው ስለማላውቅ ከመጽሐፍ አጠናሁት፤ ስለ ቅጠሉ፣ ስለ አበባው፣ ስለ ፍሬው አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ስለ ደብረ ታቦር አራት ገጽ ጨመርኩ። የሰዓት ሰሌዳ አወጣሁ፤ በየት በኩል ምን ያህል ደቂቃ እንደምንቆም፣ ልጆቹ መቼ ውኃ እንደሚጠጡ ሳይቀር።

ቀኑን የመረጥኩበትን ጥንቃቄ ደግሞ ስሙልኝ። ቅዳሜ የወረታ ገበያ ነው፤ ሰረዝኩት። እሑድ ቅዳሴ አለ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ልጆቹ መንገድ ላይ ይደክማሉ። ሐሙስ የሐሙሲት ገበያ ነው፤ መንገዱ በአህያ ይሞላል። ሰኞ የምንሳፈርበት አሮጌ አውቶቡስ፣ ሎንቺናው፣ ባሕር ዳር ይወርዳል። ሰባቱን ቀን አንድ በአንድ መርምሬ ማክሰኞን አገኘሁ፤ እንከን የሌላት ማክሰኞ። የሳምንቱን ቀን ብቻ ሳይሆን የወሩንም ቀን ማየት እንደሚያስፈልግ ማን ይንገረኝ። ማንም አልነገረኝም።

አሁን ስለ እንጉዳይ። እንጉዳይ የክፍሉ አንደኛ ናት። መልስ ስታውቅ እጇን ብቻ ሳይሆን ራሷንም ከወንበሩ ታነሣለች። ስድስተኛን ስትጨርስ ሰባተኛ ክፍል ያለው ደብረ ታቦር ነው፤ እዚያ ሄዳ፣ ሰው ቤት አድራ መማር ይኖርባታል። አባቷ አያ ፈንቴ ዝምተኛ ገበሬ ናቸው። እንጉዳይን ለልጃቸው የሚጠይቁ ሰዎች ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ልከውባቸዋል። አያ ፈንቴም፣ «በሦስተኛው መልስ እሰጣችኋለሁ፤ እስከዚያ አስብበታለሁ» ብለዋቸዋል።

ጉዞውን ሲሰሙ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ።

«ደብረ ታቦርን በዓይኔ ልየው። ልጄ የምታድርበትን አገር ሳላይ ሂጅ አልላትም፣ ቅሪም አልላትም። ከብት ሳይገባ እንመለሳለን?»

«እንመለሳለን» አልኩ። ይህን በአፌ ነው ያልኩት። ሰሌዳዬ ላይም ነበረ።

ስለዚህ ጉዞው ለሌሎቹ ልጆች ሽርሽር ነበር። ለእንጉዳይ ፈተና ነበር። ለፈተናው የምቀመጠው ግን እኔ ነበርኩ።

ማክሰኞ ጧት ሃያ አራት ልጆች፣ አያ ፈንቴ፣ ሾፌሩ ጋሽ ተካና እኔ ተሳፈርን። እኔ ከዋዜማው ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ንግግር ሲኖርብኝ እንዲህ ነኝ። ጋሽ ተካ ደግሞ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ነው። ገና ከወረታ እንደወጣን ደብተሬን ገለጥኩና ጀመርኩ።

«ቡና...»

«አይሰማም» አሉ ከኋላ።

«ቡና ትላለች» ብሎ ጋሽ ተካ መሪውን እንደያዘ ጮኸ።

«ቡና ጥላ የሚወድ ተክል ነው።»

«ቡና ጥላ ይወዳል ትላለች። እንደ ዲሬክተራችሁ።»

«ፍሬው ሲበስል ቀይ ይሆናል።»

«ሲበስል እንደ መምህርታችሁ ፊት ይቀላል ትላለች።»

አላልኩም። ግን ልጆቹ ይህንኑ ደብተራቸው ላይ ሲጽፉት አየሁ። አያ ፈንቴ ከፊት ተቀምጠው አንዴ ጋሽ ተካን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። ከሁለታችን የተማረው የትኛው እንደሆነ ለመለየት የሚሞክሩ ይመስሉ ነበር።

ቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስንደርስ መንገዱ በላሞች ተዘጋ። ጥቅምት ላይ የፎገራ ሜዳ ገና ውኃውን ጠጥቶ አልጨረሰም፤ ሰፊው ሜዳ ሁሉ እርጥብ ነው፣ ከፍ ብሎ የደረቀው መንገዱ ብቻ ነው። ይህን ከእኛ በፊት ላሞቹ ደርሰውበታል። የወረታ ከብት ነው፤ መንገዱ ላይ ተኝቶ ያመሰኳል። ጋሽ ተካ ጥሩምባውን ነፋ። አንዲት ሰፊ ላም ዞር ብላ አየችውና ማመስኳቷን ቀጠለች።

«አትጩኽባት» አሉ አያ ፈንቴ። «ትነሣለች።»

«መቼ?»

«ስትፈልግ።»

ጋሽ ተካ ሰሌዳዬን አየ። እኔም ሰሌዳዬን አየሁ። በሰሌዳው መሠረት ይኼኔ ሐሙሲትን ማለፍ ነበረብን። «በጎን እናልፋለን፤ ሣር ነው» አለ።

«ረግረግ ነው» አሉ አያ ፈንቴ።

«ሣር ነው» አለ ጋሽ ተካ፣ መሪውንም ጠመዘዘ።

ሎንቺናው ሃያ እርምጃ ያህል ሄደ። ከዚያ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ቀነሰና እንደ ላሞቹ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጋሽ ተካ በረገጠው ቁጥር ጎማው ጥቁር ጭቃ ወደ ኋላ ይረጫል፣ ሎንቺናው ይበልጥ ይመቻቻል። ወደ ኋላ ስዞር የወረታ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ለጉብኝት ወጥተን ገና ቤታችን እየታየን ነበር።

«ግድ የለም» አለ ጋሽ ተካ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ። «ሁለት ጥማድ በሬ ያወጣዋል። አገሩ በሬ ነው።»

እውነቱን ነው፤ በየአቅጣጫው ዓይን የሚሞላ በሬ ተሰማርቷል። አንድም ግን የተጠመደ የለም። ሰሞኑን ሽምብራ የሚዘሩት ሰዎች ሁሉ የት ሄዱ ብዬ ተገረምኩ።

«በሬማ ሞልቷል» አሉ አያ ፈንቴ። «ዛሬ ግን ሚካኤል ነው።»

በጣቴ ቆጠርኩ። አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት በዚህ አገር ሞፈር እንደማይነካ የሦስት ዓመት ሕፃን ያውቃል።

«ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሚካኤልን የማያውቅ ማን አለ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ይህን ያህል የተማረች ሰው አስባበት ይሆናል ብዬ ነዋ። ደግሞ መንገድ መሄድ ነውር የለውም። ነውሩ በሬ መጥመዱ ነው።»

ወዲያው ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነጭ የለበሰ ሕዝብ ወደ እኛ ይፈስ ጀመር። የሚካኤል ማኅበር ላይ ነበሩ፤ ጠላው ሞቅ አድርጓቸዋል፣ ፊታቸው ፈክቷል፣ የተቀመጠ ሎንቺና ደግሞ በየወሩ አይገኝም። ከፊት ቄሱ አባ ይርዳው ይመጣሉ፤ አጭር፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሽማግሌ። መስቀል ተሳለምን።

«አባ፣ አራት በሬ ቢያስውሱን» አለ ጋሽ ተካ።

«ለማረስ?»

«ኧረ ለመጎተት ነው።»

«በሬው ቀንበር ከተጫነው በኋላ ምን እንደሚጎትት ያውቃል? ለእሱ ያው ነው።»

ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ያው ነው» አለ። እንጉዳይ ክፍል ውስጥ ያለች ይመስል እጇን አወጣች። አባ ይርዳው ምን ማለቷ እንደሆነ ገርሟቸው አዩአት።

«አባ፣ በሚካኤል ቀን ላም ረግረግ ብትገባ ትወጣለች?»

«ትወጣለች እንጂ፤ ነፍስ ናት።»

«እዚህ ውስጥ ሃያ ሰባት ነፍስ አለ።»

«አባ ተረቱ» አለ አንዱ ከኋላ። ሕዝቡ ሳቀ። አያ ፈንቴ ጢማቸውን ነካ አደረጉ፤ ደስ ሲላቸው እንደዚያ እንደሚያደርጉ በኋላ ነው ያወቅሁት።

«መልካም» አሉ አባ ይርዳው። «በሉ ነፍሶች ውረዱ።»

ወረድን።

«አሁን የቀረው ብረት ነው። ብረት እስከ ነገ በዓል ቢያከብር ምን ይጎዳዋል?»

«ተመለሱ፣ ግቡ፣ ግቡ» አለ ጋሽ ተካ። ተመልሰን ገባን። ሎንቺናው አንድ ስንዝር ወረደ። ነፍስ ክብደት እንዳላት ያን ጊዜ አወቅሁ።

«በእግሩ የገባ በእግሩ ይወጣል» አሉ አባ ይርዳው። «እኔ ልከለክላችሁ ወድጄ አይደለም። በበዓል ቀን የተፈቀደ ሸክም አንድ ነው፤ በሽተኛ ነው። በሽተኛ ቢኖራችሁ በሬም አያስፈልግ፣ አገሩ ወጥቶ በእጁ ይጎትት ነበር።»

ጋሽ ተካ ከመኪናው በር ላይ ሆኖ አንድ በአንድ ተመለከተን። ልጆቹ ጉንጫቸው ቀልቷል፤ ለበሽታ የሚሆን አንድም የለም። ከዚያ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«ይቻት በሽተኛችሁ» አለ። «ከጧት ጀምራ ስትንቀጠቀጥ ነው የመጣች። እህል አልቀመሰች። ድምፅ የላት።»

ይህ ሁሉ እውነት ነበር። መጥፎው ነገር ይኼ ነው። አባ ይርዳው ግንባሬን ነኩት፤ ላብ አገኙ።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ ልጄ?»

ምንም እንዳላመመኝ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ስድሳ ሰው ያየኛል። ከአፌ ምንም አልወጣም።

«አያችሁ?» አለ ጋሽ ተካ።

ኋለኛው ወንበር ላይ አስተኙኝ። ጋቢ ደረቡብኝ፤ በላዩ ላይ ሌላ ጋቢ ደረቡ። አንዲት እናት «የሰው አገር ልጅ፣ እናቷ ብትሰማ ምን ትሆን» ብለው እውነተኛ እንባ አነቡ። ከየት እንደመጣ ያላየሁት ጠበል ፊቴ ላይ ተረጨ፤ የቀረውም አሥራ አምስቱ ገጼ ላይ ፈሰሰ። ውጭ ገመድ ተጠራ፣ ጠፍር ተጠራ፣ ጎረምሳ ተጠራ። «ያዝ» ሲባል ሰማሁ። «ሳብ» ሲባልም ሰማሁ። ሎንቺናው አቃሰተና አንድ ክንድ ወደፊት ሄደ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ። ሰሌዳው ገና ሊድን ይችላል። ከሁሉም በላይ በሽተኛ ንግግር አያደርግም። በጋቢው ሥር ሆኜ ይህን ያህል ዓመት ሳልታመም ስለቀረሁ ራሴን እየወቀስኩ ሳለ በመስኮቱ በኩል የአያ ፈንቴ ድምፅ መጣ። ከአጠገባቸው ገመድ ለያዘ ሽማግሌ ነው የሚያወሩት።

«ስንት ዓመት እንደተማረች ታውቃለህ? አሥራ ስድስት ዓመት።»

«ውይ።»

«ይኸው እንግዲህ መጨረሻው። ተንቀጥቅጣ፣ ምላሷ ታስሮ። ጤነኛ ልጄን ሰጥቼ እንዲህ አድርገው ሊመልሱልኝ ነው። የለም። ሽማግሎቹን እሑድ ኑ እላቸዋለሁ።»

እንጉዳይ ከመኪናው በር አጠገብ ቆማ ነበር። ሰምታለች። አላለቀሰችም፣ እጇንም አላወጣችም። ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፣ ከዚያ መሬት መሬት አየች። እጇን ሳታወጣ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነው።

እስቲ አስቡልኝ። እንደታመምኩ ብቆይ ሎንቺናው ይወጣል፣ ቡናውን እናያለን፣ ደብረ ታቦርም እንደርሳለን፤ እንጉዳይ ግን ደብረ ታቦርን የምታያት ያን ቀን ብቻ ይሆናል። ብድን ሎንቺናው ይቀራል፣ ጉዞው ይቀራል፣ እኔም ስድሳ ሰው ፊት እቆማለሁ። ተኝቼ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩ አላውቅም። ሎንቺናው ሌላ አንድ ክንድ ሄደ። ከጭቃው ለመውጣት ሁለት ክንድ ቢቀረው ነው።

ተነሣሁ። ሁለቱ ጋቢ ትከሻዬ ላይ፣ ጠበሉ ከአገጬ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆምኩ።

«እኔ አላመመኝም» አልኩ።

ማንም አልሰማም። ጋሽ ተካ ግን አጠገቤ ነበር፤ ከጧት ጀምሮ የለመደው ልማድ ሆኖበት፣ «አላመመኝም ትላለች» ብሎ ጮኸ። ምን እንዳለ የገባው ከጨረሰ በኋላ ነው። አፉን በጭቃ እጁ ያዘ።

ከዚያ አርባ ሰው ገመዱን ባንዴ ለቀቀ። ሎንቺናው የሄደውን ሁለት ክንድ ተመልሶ፣ ከቀድሞው ቦታው ሌላ ስንዝር ጨምሮ ተቀመጠ።

«የምንቀጠቀጠው ሰው ስለምፈራ ነው» አልኩ። አሁን ጋሽ ተካ አልረዳኝም፤ አፉን እንደያዘ ነው። ስለዚህ ራሴ ጮህኩ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ትምህርቱ አይደለም ያመጣብኝ፤ ተምሬ እንዲያውም ተሽሎኛል። ቀኑንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሚካኤል መሆኑን አላየሁም።»

«ቀደም ብላ ብትናገር እኮ መዳፌ አይላጥም ነበር» አለ ገመድ ይዞ የነበረው ሽማግሌ።

አያ ፈንቴ ወደ በሩ ጠጋ አሉ። «አሁንም ትፈሪያለሽ?»

«አዎ።»

«እኛን?»

«በጣም።»

«ታዲያ እንዴት ተናገርሽ?»

እንጉዳይን አየሁ። እሳቸውም የማየውን አዩ። ሌላ አልጠየቁኝም።

አባ ይርዳው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «በሚካኤል ቀን በሽተኛ ድና አየሁ፤ እኔ ምን እላለሁ። ልትጎበኙ የወጣችሁት ምንድን ነው?»

«ቡና» አሉ ልጆቹ።

«ቡና? ኑ።»

ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ወሰዱን። ሦስት ቡና ቆሟል። ሦስት ብቻ። ቅጠሉ ያብረቀርቃል፤ ፍሬው አንዳንዱ አረንጓዴ ነው፣ አንዳንዱ ቀልቷል። መጽሐፉ አልዋሸኝም። ደብተሬ በጠበል ስለታጠበ ያለ ደብተር ተናገርኩ፤ ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ የማኅበሩም እኩሌታ ተከትሎን መጥቶ ነበር። ጥላ እንደሚወድ፣ አበባው ነጭ እንደሆነ ነገርኳቸው። «አይሰማም» አለ ጋሽ ተካ ከኋላ፤ ሥራውን ስለቀማሁት ከፍቶታል።

ከዚያ በምሥራቅ በኩል ያለውን ሰማያዊ ተራራ አሳየኋቸው። ደብረ ታቦር ወደዚያ ናት፣ ግን አትታይም። «ቤቶቿ በየቀለሙ ናቸው» ብዬ ጀመርኩ፤ ስለ መጣልኝ «በሮቹ ሰማያዊ፣ መስኮቶቹ ቢጫ...»

«አይተሻታል?» አሉ አያ ፈንቴ።

«አላየኋትም።»

«እንግዲያ አትጨምሪ።»

ማኅበሩ አብልቶ አጠጥቶ ሸኘን። ጋሽ ተካ ነገ በሬ እስኪጠመድ ከሎንቺናው ጋር ቀረ፤ ማኅበሩ ገና ስላላለቀ ብዙም አላዘነም። እኛ በእግራችን ወደ ወረታ ተነሣን። መንገዱ ላይ ስንወጣ ያ ከብት ሁሉ የለም። ፀሐይዋን አየሁ፤ አዘንብላለች። ላሞቹ በመጨረሻ ፈልገው ተነሥተዋል፤ አቧራቸው ከፊታችን፣ ወደ ወረታ፣ ወደ በረታቸው ይሄዳል።

ከብት ሳይገባ ብዬ ነበር።

«ሩጡ» አልኩ።

ልጆቹ እኔ እንዲህ ስል ሰምተው ስለማያውቁ መጀመሪያ አላመኑም። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ስይዝ አመኑ። ሃያ አራት ልጅ፣ አንዲት ዩኒቨርሲቲ የተማረች ሴት ቀሚሷን ሰብስባ፣ ከኋላ ደግሞ አያ ፈንቴ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ላም ለመቅደም እንሮጣለን። ከከተማው በኩል የሚመጡ ሰዎች ዳር ይዘው ቆሙ። አንዱ «ምን አባረራችሁ?» ሲል እንጉዳይ «ቀጠሮ» አለችው። የኋለኞቹን አለፍን፣ መካከለኞቹን አለፍን። ያችን ሰፊ ላም መገንጠያው ላይ ደረስንባት፤ አሁንም ዞር ብላ አየችን። በአንገት ቀደምናት።

የደብረ ታቦር መንገድ ከዚያ ነው የሚገነጠለው። ሁላችንም እየሳቅን፣ እያለከለክን እዚያው ቆምን። አያ ፈንቴ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ዱላቸው ላይ ተደግፈው መንገዱን ወደ ላይ ተመለከቱ። እንጉዳይ አልሳቀችም፤ አባቷን ታያለች።

«ከብት ሳይገባ ብለሽ ነበር» አሉኝ።

«ብዬ ነበር።»

ላሟ አጠገባችን አለፈች። «ገና አልገባችም» አሉ። ጢማቸውን ነካ አደረጉ። «ያ የሰባተኛው ትምህርት መቼ ነው የሚጀምር?»

«በሚመጣው መስከረም።»

«እኔ ራሴ አደርሳታለሁ። አንችም ትመጫለሽ፤ እዚያ ያሉት መምህራን የሚጠይቁኝን እኔ አላውቀው ይሆናል፣ አንች ትናገሪያለሽ።»

«እሺ» አልኩ፤ በአፌም በልቤም።

«ቀኑን ግን» አሉ አያ ፈንቴ፣ «የምመርጠው እኔ ነኝ።»